ግድግዳ ገፊው

ማንኩሳ ላይ ዝም ብሎ የሚሮጥ ሰው የለም። የሚሮጥ ካለ ወይ በሬው የሰው ማሳ ገብቶበታል፣ ወይ መኪና ሊያመልጠው ነው፣ ወይ መርዶ ይዟል፤ ከሦስቱ አንዱ ካልሆነ ራሱ አንድ ነገር ሠርቷል ማለት ነው። ስለዚህ እኔ በማለዳ ቁምጣ ለብሼ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው አስፋልት ዳር ዳሩን ስል፣ በርበሬ ተሸክመው ገበያ የሚሄዱ እናቶች ከመንገዱ ወረድ ብለው ያሳልፉኝ ነበር። አንደኛዋ ግን አላስቻላቸውም።

“ልጄ፣ ማን ሞተ?”

“ማንም አልሞተም እማማ። ለጤናዬ ነው የምሮጠው።”

“ምን አመመህ?”

“ምንም አላመመኝም።”

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና “እሱን ነው የፈራሁት” ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ ወዲያ ብዙም ሳይቆይ አመመኝ። ተረከዜን። ማንኩሳ ላይ ሰው የሆንሁትም ይኸኔ ነው። ጤነኛ ሆኖ የሚሮጥ ሰው ለአገሬው እንቆቅልሽ ነው፤ የሚያነክስ ሰው ግን ዘመድ ነው። ያስቆሙታል፣ ይጠይቁታል፣ ይመክሩታል፤ ካልተጠነቀቀም ያሹታል።

የተረከዝ ሕመም ጠባዩ ክፉ ነው። ሌላው ሕመም ሲብስበት ያስተኛል፤ ይኸኛው የሚጠብቅህ ከአልጋ ስትወርድ ነው። ጧት የመጀመሪያዋን እርምጃ ስረግጥ ከተረከዜ ሥር ምስማር የቆመ ይመስለኛል። ግድግዳውንም ወንበሩንም ይዤ እስከ ደጅ እደርሳለሁ። ፊቴን ታጥቤ፣ ቁርሴን ቀማምሼ ስወጣ ለቀቅ ያደርገኛል። ትምህርት ቤት ስደርስ ደህና ሰው ነኝ። መምህራን ማረፊያ ትንሽ ቁጭ ብዬ ስነሳ ግን እንደገና ቀጥ! እንግዲህ ይህን ለርእሰ መምህር እንዴት አድርጎ ማስረዳት ይቻላል? ስታርፍ የሚነሳብህ፣ ስትሠራ የሚተውህ ሕመም ፈቃድ አያሰጥም። እንዲያውም ትርፍ ክፍለ ጊዜ ያስጨምራል።

ሐኪሞቹ ፕላንታር ፋሺያይተስ ይሉታል። ከተረከዝ አጥንት ተነስቶ በውስጥ እግር በኩል እስከ ጣቶች ሥር የሚዘረጋ ወፍራም ጅማት አለ፤ የእግራችንን ቅስት ወጥሮ የያዘው እሱ ነው። በረገጥን ቁጥር ክብደታችን ይጎትተዋል። ከለመደው በላይ ሲጎተት ደግሞ ከተረከዙ ጋር በሚያያዝበት ቦታ ላይ ይጎዳል። ሌሊት ስንተኛ የእግራችን ጣቶች ወደ ታች ያዘነብላሉ፤ ጅማቱም እንደተኮማተረ ያድራል። ጧት ድንገት ተነስተን ስንቆምበት ሳይወድ ይለጠጣል። ምስማሩ ይኸው ነው።

ይህን እስካውቅ ድረስ ግን የአገሬውን ምክር አንድም ሳይቀር ተቀብያለሁ። ባለሱቁ ጨው በሞቀ ውሃ አለኝ። አክስቴ ፌጦ አለች፤ አክስቴ ለራስ ምታትም፣ ለሆድ ቁርጠትም፣ ለምቀኛም ፌጦ ነው የምታዘው። የባጃጁ ልጅ “ቲቸር፣ እሱኮ ትርፍ አጥንት ነው፤ ካልተቆረጠ አይለቅህም” ብሎ ከቡሬ እስከ ባሕር ዳር ያስቆረጡ ሰዎችን ቆጠረልኝ። ትርፍ አጥንት የተባለው ነገር መኖሩ እውነት ነው፤ ከተረከዙ አጥንት ሥር ሹል ሆኖ በቅሎ በራጅ ይታያል። ግን ስንቱ ሰው ይህን ሹል ተሸክሞ አንድም ቀን ሳያመው ይኖራል፤ ስንቱም ሹሉ ሳይኖረው ያነክሳል። ለባጃጁ ልጅ ይህን ስነግረው ቅር አለው። መቁረጥ የሌለበት ሕክምና ሕክምና አይመስለውም።

የኔታ ሳነክስ ያዩኝ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ነው።

“ያዕቆብ ነው የያዘህ” አሉኝ።

ያዕቆብ የወንድሙን የዔሳውን ተረከዝ ይዞ መወለዱ ትዝ አለኝና “ታዲያ መቼ ይለቀኛል የኔታ?” አልኋቸው።

“ብኩርናህን ስትሰጠው።”

“ብኩርና የለኝምኮ፤ እኔ አራተኛ ልጅ ነኝ።”

“እንግዲያው በከንቱ ነው የያዘህ።”

ስቀው ሲያበቁ መቋሚያቸውን ወደ ብብታቸው ሳብ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “እኔንም ይዞኛል” አሉ። በማኅሌት ሌሊቱን ሙሉ ሲቆሙ ነው የጀመራቸው። አንዱ እግር ሲቃጠል በመቋሚያው ተደግፈው ክብደታቸውን ወደ ሌላው ያዞራሉ፤ ያም ሲጀምረው ይመልሳሉ፤ እንዲህ እያሉ ያነጋሉ። ሐኪሞቹም በደረቅ ወለል ላይ ለረጅም ሰዓት መቆምን ከሩጫ ጋር አብረው ነው የሚከሱት። ስለዚህ እኔ ሮጬ ያገኘሁትን የኔታ ሳይንቀሳቀሱ አግኝተውታል ማለት ነው። ትንሽ አናደደኝ።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ተረከዙን ያሳየኝ ጀመር። በኮንጎ ጫማ በርበሬ አዝለው ዳገት የሚወጡ እናቶች፣ የትራፊክ ፖሊሱ፣ ቀኑን ሙሉ ምጣድ ፊት የምትቆመው እንጀራ ጋጋሪ። “ያምሻል እንዴ?” ስላት “ያማል እንጂ! ታዲያ ምን ይደረግ?” ትለኛለች። እኔ ሩጫው ያመጣብኝ የግሌ ችግር ስለመሰለኝ ነበር ስጨነቅ የከረምሁት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ‹ፍቅር እስከ መቃብር› በተባለው ልብ ወለድ የገጸ ባሕሪያቸውን የበዛብህን አገር ማንኩሳ አድርገውታል፤ ያ የቆሎ ተማሪ ከዚህ ወጥቶ ዲማ ጊዮርጊስ የደረሰው በመኪና አይደለም። ስለ ፍቅሩ ያላዘነ አንባቢ የለም፤ ስለ ተረከዙ የጠየቀ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

በመጨረሻ ወጌሻ ዘንድ ሄድሁ።

የስታዲየም ወጌሻ ሲጠሩት ቦርሳውን አንግቶ እየሮጠ ይገባል፣ ቀዝቃዛ ነገር ይነፋል፣ ይወጣል። የእኛው ወጌሻ ከገበያው ጀርባ መደብ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁሃል፤ የሚሮጡም የሚነፉም ነገር የለም። ቅቤውን አንተ ነህ ይዘህ የምትሄድ። እጃቸውን ታጠቡ፣ ካመጣሁት ቅቤ በአውራ ጣታቸው ጫፍ ዘገን አደረጉ፣ በመዳፋቸው አሟሙት፣ እግሬን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። የት ነው የሚያምህ ብለው አልጠየቁኝም። አውራ ጣታቸው መገጣጠሚያው ላይ አብጦ ወደ አንድ ወገን ጎብጧል፤ የስንት ዘመን ሰው አሽቶ እንደሆነ እንጃ። ያንን ጣት ከትልቁ ጣቴ ሥር አስነስተው በውስጥ እግሬ በኩል ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ገፉት። ተረከዙ ሊጀምር ሲል፣ ወደ ውስጥ በኩል ባለችው አንዲት ነጥብ ላይ ቆሙና ጫን አደረጉ። የመደቡን ጠርዝ ያዝሁ። ከጠርዙ ጭቃ ተፈርፍሮ እጄ ውስጥ ቀረ።

“ይኸውልህ” አሉ። “ጅማቱ ዞሯል።”

ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ጅማቱ ሳይዞር የተመለሰ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ያም ሆኖ ነጥቧን አልሳቱም፤ በኋላ ባሕር ዳር ያየችኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያም አውራ ጣቷን እዚያችው ላይ ነው ያሳረፈችው። ልዩነቱ እሷ ቅቤ አላስመጣችም። ወጌሻው እግሬን በጨርቅ ጠቅልለው ሲያሰናብቱኝ “ሦስት ቀን እንዳትረግጥበት” አሉኝ።

“ታዲያ በምን ልሂድ?”

“ሁለት አይደል የሰጠህ?”

ለሁለት ቀን ያህል ተሻለኝ፤ ከዚያ ተመለሰ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ መታሸት ለሁሉም አይሆንም። ተረከዝህን ከግራና ከቀኝ ጨብጠህ ስትጨምቀው የሚያምህ ከሆነ፣ ተኝተህም ካልተወህ፣ ወይም እግርህ ከደነዘዘ፣ አጥንትህ ተሰንጥቆ ወይም ነርቭህ ተጎድቶ ሊሆን ይችላልና ቅቤውን ለወጥ ትተህ ወደ ሐኪም ሂድ። በሩጫ ብዛት አጥንት ይሰነጠቃል ሲባል ብዙ ሰው አያምንም። አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ሦስተኛውን የማራቶን ወርቅ ፍለጋ ወጥቶ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ያቋረጠው በዚሁ ዓይነት የእግር አጥንት ጉዳት ነው። ወርቁን ማሞ ወልዴ ይዞት መጣ።

አበበን ካነሳሁ አይቀር፣ ያላነሳብኝ ሰው የለም። ባለሱቁ፣ የባጃጁ ልጅ፣ ርእሰ መምህሩ ሁሉም በአንድ አፍ “ጫማህን ጣለው፤ አበበ በባዶ እግሩ አይደል የሮጠው?” ይሉኛል። ሮጧል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሰዓታት ሲቀሩት፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል። ግን ጫማውን የጣለው ባዶ እግር ይሻላል ብሎ አልነበረም። የድሮው ጫማ አልቆበት፣ አዲሱ እግሩን ውሃ ስላስቋጠረው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ገና 40 ቀን ገደማ ሲሆነው፣ ጫማም ካልሲም አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። የቶኪዮውን ጫማ ግን ማን ያስታውሳል? ማንኩሳ ላይ እስከ ዛሬ ጫማ አስወልቀነዋል።

ፈረንጆቹም ተሸውደዋል። በ2009 እ.ኤ.አ. ክሪስቶፈር ማክዱጋል የተባለ አሜሪካዊ ስለ ሜክሲኮ ተራራ ሯጮች መጽሐፍ ካወጣ በኋላ ባዶ እግር መሮጥ ፋሽን ሆነ። ቪብራም የተባለው ኩባንያም ጣት ጣት ላለው ስስ ጫማው ገበያ ደራለት፤ ባዶ እግር ለመምሰል ገንዘብ ይከፈል ጀመር። በኋላ ለጤና ይጠቅማል የተባለው ማስረጃ የለውም ተብሎ ተከሰሰና በ2014 እ.ኤ.አ. 3.75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ባዶ እግር ይህን ያህል እንደሚያወጣ ጎጃም ቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ!

ጎጃም ስለ ባዶ እግር የሚያውቀው ሌላ ነው፤ እሱም ቀልድ የለበትም። ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተገኘው ቀይ አፈራችን፣ ከፍታውና ዝናቡ ተጨምረው፣ በውስጡ ያለው ደቃቅ ማዕድን በባዶ እግር ቆዳ እየገባ ከዓመታት በኋላ እግርን የሚያሳብጥ ሕመም ያመጣል። ዝሆኔ። ሰው ከጋብቻም ከጉርብትናም ይገለልበት ነበር፤ እርግማን ነው፣ ዘር ነው ይባላል። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚህ አገር ባደረገው ጥናት ነገሩ ከአፈሩ መሆኑን አሳየ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ስለዚህ በርበሬ የሚያዝሉት እናት በኮንጎ ጫማ ተረከዛቸው ቢነድም፣ ኮንጎውን አውልቁት የሚል መካሪ እኔ አልሆንም።

የእኔ ጫማ ግን ሌላ ጉድ ነበረበት። የገዛሁት ፍኖተ ሰላም ላይ ከሳልባጅ ተራ ነው፤ ላዩ ንጹሕ፣ ማሰሪያው አዲስ፣ ስሙ የታወቀ። የሩጫ ጫማ ሶል ግን ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ከሮጠ በኋላ ውስጡ ይሞታል፤ ላዩን አይተህ አታውቀውም። የእኔው ዕድሜውን በማላውቀው አገር ጨርሶ ነው ማንኩሳ የደረሰ። አገላብጬ ሳየው ተረከዙ ወደ ውጭ በኩል ተበልቷል። የፊተኛው ባለቤት እግሩን ወደዚያ አዘንብሎ ይሄድ ነበር ማለት ነው። ማን እንደሆነ ሳላውቅ በእሱ አረማመድ ስሄድ ከርሜያለሁ።

አገር ሙሉ አንድ ተረከዝ ያመመው ጊዜም አስታውሳለሁ። ነሐሴ 1996 ዓ.ም.፣ የአቴንስ ኦሊምፒክ፣ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከአራት ዓመት በፊት ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በሰከንድ መቶኛ ዘጠኝ ቀድሞ ሲያሸንፍም ከተረከዙ ጅማት ጋር እየታገለ ነበር፤ ከዚያም ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። አቴንስ ላይ ሕመሙ ተመለሰበት። ቀነኒሳና ስለሺ እየመሩ ሳለ ኃይሌ ወደ ኋላ ሲቀር ዞር ዞር እያሉ ያዩታል፣ እንዲደርስባቸው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ለወርቅ እየሮጡ ወንድምን መጠበቅ! ቴሌቪዥኑ ያለበት ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ሽማግሌ “ጠብቁት! ጠብቁት!” እያሉ ይጮሁ ነበር። ቀነኒሳ ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን አገኙ፤ ኃይሌ አምስተኛ ወጣ። እሱን ያመመው ከተረከዝ በስተ ኋላ ያለው ጅማት ነው፤ የእኔ ከሥር ነው። ማንኩሳ ላይ ግን ይህን ልዩነት አላወጅሁም። “እንደ ኃይሌ ነው ያመመው” ሲባል ዝም ማለት ደስ ይላል። ደግሞም ኃይሌ በመስከረም 2001 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጦ የራሱን የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል፤ ከተረከዝ ጋር እንዲህ መወዳጀት ይቻላል።

ወደ ባሕር ዳሯ ባለሙያ ልመለስ። መርፌ እንድትወጋኝ ጠይቄያት ነበር። የኮርቲዞን መርፌ ለጥቂት ሳምንታት ያስታግሳል፣ ግን ጅማቱ ሊበጠስ የሚችልበት አጋጣሚ አለ፤ እሱን ለመጨረሻ እናቆየው አለችኝ። ሩጫውን ጨርሰህ አታቁም፣ ቀንሰው። ከአልጋ ሳትወርድ ጣቶችህን በእጅህ ወደ ራስህ ሳብ አድርገህ ያዝ። ቤት ውስጥ በባዶ እግርህ ሲሚንቶ አትርገጥ። በረዶ የሆነ የሃይላንድ ውሃ በውስጥ እግርህ አንከባልል። ግድግዳ ግፋ። ከሁሉ በላይ ታገሥ፤ አብዛኛው ሰው ይድናል፣ ግን በወራት ነው የሚቆጠር። የመጨረሻውን ስትናገር ፊቴን አላየችም።

በረዶው ራሱ አንድ ጣጣ ነው። መብራት ሳይጠፋ በዋለ ቀን ሃይላንድ ውሃ ፍሪጅ የሚያስቀምጥልኝ ባለሱቁ ነው። የመጀመሪያ ቀን በረዶ የሆነውን ሃይላንድ ተቀብዬ እዚያው በርጩማ ላይ ቁጭ አልሁ፣ ጫማዬን አወለቅሁ፣ እግሬን ጫንሁበትና ወዲያ ወዲህ ማንከባለል ጀመርሁ። ቢራ ይጠጡ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ባለሱቁ ጥቂት አየኝና “ቲቸር፣ ሃይላንዱን እንዳትመልሰው፤ በቃ ያንተ ነው” አለኝ።

ግድግዳ መግፋቱ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ሁለት እጅህን ግድግዳ ላይ ታደርጋለህ፣ አንዱን እግርህን ወደ ኋላ ትዘረጋለህ፣ ተረከዝህን ከመሬት ሳታነሳ ደረትህን ወደ ፊት ትገፋለህ፤ ባትህ ሲለጠጥ ተረከዝህ ላይ ያለው ጉተታ ይቀንሳል። ይህን ቤት ውስጥ ባደርገው ማንም አያየኝም ነበር፤ ግን ቤቴ ጠባብ ስለሆነ በውጭ በኩል ያለውን ግድግዳ ነው የምገፋው። የጭቃ ቤት ነው። አንድ ጧት አላፊ ሽማግሌ ቆመው አዩኝ። ምንም አልተናገሩም። በትራቸውን መሬት ላይ አጋደሙ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ ከጎኔ ቆመው በሁለት እጃቸው ይገፉ ጀመር። ጥቂት ከገፋን በኋላ “ወዴት ነው የምናዞረው?” አሉኝ። ከዚያች ቀን ወዲህ ስሜ ግድግዳ ገፊው ነው።

ያዳነኝ ግን ፎጣው ይመስለኛል። ፎጣ ጠቅልለህ ደረጃ ጫፍ ላይ ታስቀምጣለህ፤ ጣቶችህን በፎጣው ላይ፣ ተረከዝህን ከደረጃው ውጭ አድርገህ በአንድ እግርህ ትቆማለህ። ሦስት እስክትቆጥር ድረስ ቀስ ብለህ ወደ ላይ ትነሳለህ፣ ሁለት እስክትቆጥር ትቆያለህ፣ በሦስት ትወርዳለህ። ቀን እየዘለልህ ነው፤ ሲለመድ መጻሕፍት የተሞላ ቦርሳ ታዝላለህ። ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ ዴንማርክ ውስጥ በተደረገ ጥናት ይህን ያደረጉ ሰዎች በሦስተኛው ወር ላይ ውስጥ እግራቸውን ብቻ ሲያፍታቱ ከከረሙት ይልቅ ተሽሏቸው ተገኝተዋል። በማንኩሳ ቤቶች ደረጃ የሚባል ነገር ስለሌለ የምሠራው ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ከደወል በፊት ነው። የሰባተኛ ክፍል ልጆች ከበው በእንግሊዝኛ ይቆጥሩልኛል፤ “ዋን፣ ቱ፣ ስሪ።” በክፍል ውስጥ እንዲህ አጥርተው ተናግረው አያውቁም።

አንድ ጧት ወጌሻው በአጥሩ በኩል ቆመው አየኋቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝ፣ “እስቲ ያችን ፎጣ አሳየኝ” አሉ፣ ፈትተው ውስጧን አዩ፣ መልሰው ጠቀለሏት፣ ሄዱ። ሌላ ምንም አላሉም።

በገበያ ቀን ከገበያው ጀርባ ሳልፍ መደባቸው አጠገብ የግንድ ጉማጅ ተጋድሟል። ሦስት ሴቶች በተጠቀለለ ጨርቅ ላይ ቆመው፣ የቤቱን ምሰሶ ይዘው ይነሳሉ ይወርዳሉ። ወጌሻው ቁጭ ብለው በግዕዝ ይቆጥራሉ፤ “አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ።” ከመደቡ በላይ ሦስት የቅቤ ቅል ተደርድሯል።

“አባቴ፣ ማሸቱ ቀረ ማለት ነው?” አልኋቸው።

“ቀረ።”

“ቅቤውስ?”

“ቅቤውማ እንደ ድሮው ነው የሚመጣ” አሉ ከቆጠራው ሳይወጡ፤ “አሁን ግን ለወጥ ነው።”